ለጤና ተማሪዎች ተግባቦት ስናስተምር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የከፋው ስህተት ተግባቦትን በስላይድ አስተምሮ መጨረስ ነው። አንደኛ ዓመት ላይ የሁለት ሰዓት ገለጻ፣ ቀጥሎ «ርኅራኄ ማለት ምን ማለት ነው?» የሚል የምርጫ ጥያቄ፣ ከዚያ በቃ። ያው ተማሪ ዓመታት ቆይቶ ደብረ ብርሃን ዋርድ ሲገባ ከመንዝ የመጡ እናት ፊት ይቆማል፤ ዓይኑ ከቻርቱ አይነቀልም። «ማዘር፣ ምንሽን ነው የሚያምሽ?» ይላቸዋል፣ አያቱ የሚሆኑትን ሴት አንቺ ብሎ። «ልቤን እዚህ ጋ...» ሲሉት «ከመቼ ጀምሮ? ያስመልስሻል? ትኩሳትስ?» እያለ ይደረድራል። በፈተናው ኤ ያመጣ ልጅ ነው! መርፌ መውጋትን በገለጻ ብቻ አስተምረን ማንንም አናሰናብትም፤ እናሳያለን፣ ሲወጋ አጠገቡ ቆመን እናያለን፣ እናርማለን። ታካሚ ማነጋገር ሲሆን ለምን ይቀልብናል? ተማሪው የታካሚውን የሕመም ታሪክ ጠይቆ ሲወስድ አንድ ጊዜ እንኳ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያላየ አስተማሪ ተግባቦት አስተማርኩ ማለት አይችልም።

የማቋረጥ ልማድ የኛ ብቻ አይደለም። በ1984 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በ74 የምርመራ ቆይታዎች ላይ በተደረገ ጥናት ሐኪሞቹ ታካሚውን ያቋረጡት በአማካይ በ18 ሰከንድ ውስጥ ነበር፤ ታካሚው የመክፈቻ ንግግሩን የጨረሰው በ23 ከመቶው ብቻ። እዚህ አገር ደግሞ ዋናው ነገር መጨረሻ ላይ ነው የሚወጣው። የደም ግፊት ክኒናቸውን አቁመው ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል መክረማቸውን አባት የሚነግሩህ ካመኑህ በኋላ ነው። በዚያ ላይ ከተቆጣሃቸው በሚቀጥለው ቀጠሮ ይደብቁሃል፣ ወይም ጨርሶ አይመጡም።

ተማሪ ለተማሪ በሽተኛ ሆኖ መለማመዱ ብቻውን አይበቃም፤ ሁለቱም የሕክምናውን ቋንቋ ያውቁታላ። ጡረታ የወጡ መምህር ወይም የግቢው ጥበቃ በሽተኛ ሆነው እንዲቀርቡ ቢሠለጥኑ ይሻላል። በአሜሪካ ይህ የተጀመረው በ1963 እ.ኤ.አ. ነው፤ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም።

«ጥሩ ነው፣ በርታ» ግብረ መልስ አይደለም። ያየኸውን ንገረው፦ «ሴትየዋ ልጃቸው መሞቱን ሲነግሩህ አንተ ወደ ሳሉ አለፍክ።» ይህን አንድ ጊዜ የሰማ ተማሪ አይረሳውም።

ራውንድ ላይ፣ ታካሚዎችን በየአልጋቸው እየዞርን ስናይ፣ በታካሚው አናት በእንግሊዝኛ እያወራን ተማሪውን «አክብር» ማለት ከንቱ ድካም ነው።

ከሸዋ ሮቢት በታች አማርኛ የማይሰማ ታካሚ ሲመጣ የስምንት ዓመት ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉ። የእናትን የማህፀን ደም ልጅ አይተረጉምም።

«ገባዎት?» ብሎ ማሰናበትም ይቅር። የገጠር ሽማግሌ ለይሉኝታ ሲሉ «አዎ ልጄ» ይላሉ፤ ከዚያ በሩ ላይ ያገኙትን ሰው «ይቺን መቼ ነው የምውጣት?» ብለው ይጠይቃሉ። ተማሪው «ቤትዎ ሲገቡ እንዴት እንደሚወስዱት እስኪ ይንገሩኝ» ይበል። የተግባር ፈተናው ላይም ለሰላምታ ከምንሰጠው ነጥብ ቀንሰን ለዚህ እንስጥ።