የዝሆን ጥርስን ከአጥንትና ከፕላስቲክ እንዴት መለየት ይቻላል?

ከአያት የተላለፈ አምባር እጅዎ ገብቶ እውነተኛ የዝሆን ጥርስ መሆኑን ማወቅ ቢፈልጉ፣ ጥሩ ብርሃን፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽርና ትዕግሥት ይበቃዎታል። ብዙዎች የሚመክሩትን በጋለ መርፌ የመውጋት ዘዴ ግን ፈጽሞ አይሞክሩ፤ እውነተኛውን ጥርስ ያበላሻል፣ ዕቃው ሴሉሎይድ የተባለው የቆየ ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ በእሳት ሊያያዝ ይችላል።

በመጀመሪያ ዕቃው ከጥርሱ በየት በኩል እንደተቆረጠ ይለዩ። አምባር አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ጥርሱን አግድም በመቁረጥ ስለሆነ፣ ግራና ቀኝ ያሉት ጠርዞቹ የጥርሱን ውስጣዊ አሠራር ገልጠው ያሳያሉ። ጠርዙን ወደ ብርሃን አዘንብለው በማጉያው ሲመለከቱት፣ በተለይ ከውጭው ዳር አጠገብ፣ እንደ ሰፌድ ስፌት እየተጠላለፉ የሚሄዱ ቀጫጭን ቅስት መስመሮች ይታያሉ። የሽሬገር መስመሮች የሚባሉት እነዚህ ናቸው፤ የሚገኙትም በዝሆንና እንደ ማሞዝ ባሉ ከምድር በጠፉ የዝሆን ዘመዶች ጥርስ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ከሁሉም ምልክት ይልቅ የምተማመነው በእነርሱ ነው። ሆኖም ጥርሱ በቁመቱ ተፈልጦ የተቀረጸ ከሆነ ጥልፍልፉ ስለማይታይ፣ መስመሩ አልታየም ብለው ብቻ ሐሰተኛ ነው አይበሉ።

መስመሮቹ ከታዩ ጠርዙን በቅርበት ፎቶ አንሥተው፣ ከውጭው ዳር አጠገብ የሚገናኙበትን ማዕዘን ቢያንስ በአምስት ቦታ ይለኩና አማካዩን ይውሰዱ። የሚለካው ወደ ጥርሱ መሐል ወይም ወደ ውጭ የተከፈተው ማዕዘን ነው። አማካዩ ከ100 ዲግሪ በላይ ከሆነ ዝሆን፣ ከ100 በታች ከሆነ ማሞዝ ነው።

አጥንት የሚታወቀው የደም ሥር ባለፈባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው፤ በማጉያ ሲታዩ እንደ ጥቁር ነጥብ ወይም እንደ አጭር ጭረት ናቸው። የጉማሬ ጥርስ በጣም የተጠጋጉ፣ ተከታትለው የሚዞሩ መስመሮች እንጂ ጥልፍልፍ የለውም። ሴሉሎይድ መስመር ቢኖረውም መስመሮቹ እኩል ተራርቀው ጎን ለጎን ይሄዳሉ እንጂ አይሻገሩም። በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ የዝሆን ጥርስ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ደማቅ ነጭ ብርሃን ይሰጣል፤ ፕላስቲክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይደበዝዛል። አጥንትም እንደ ጥርሱ ስለሚያበራ፣ መብራቱ ሁለቱን አይለይም።

በምርመራው ጊዜ ዕቃውን ውኃ ውስጥ አይዘፍዝፉ፣ ፀሐይ ላይም አያስጡ፤ ጥርስ እርጥበት ሲስብና ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

የዝሆን ጥርስ በአክሱም ዘመን በአዱሊስ ወደብ በኩል ወደ ውጭ ይላክ የነበረ ሸቀጥ ቢሆንም፣ ዓለም አቀፍ ንግዱ በ1989 እ.ኤ.አ. ታግዷል፤ ኢትዮጵያም በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ከስድስት ቶን በላይ የተያዘ ጥርስ አቃጥላለች። ስለዚህ ዕቃዎ እውነተኛ ሆኖ ከተገኘ፣ ይዘውት ድንበር ከመሻገርዎ በፊት የሚነሡበትንም የሚደርሱበትንም አገር የዱር እንስሳት ባለሥልጣን ይጠይቁ።