የልጅዎን የአጥንት ራጅ እንዴት ያያሉ?

ጥቁር አንበሳ አካባቢ ልጅዎን ራጅ አስነስተው ፊልሙን ይዘው ከተመለሱ፣ ቀጠሮው እስኪደርስ ቤት ውስጥ አውጥተው ማየትዎ አይቀርም። ይዩት። በሽታውን የሚለየው ሐኪሙ ነው። ግን ምን እንደሚታይ የገባው ወላጅ የሚጠይቀውን ያውቃል።

መጀመሪያ ስሙን፣ ቀኑንና የቀኝና የግራ ምልክቱን ያረጋግጡ። ከዚያ ፊልሙን ወደ መስኮት ያንሱት። አጥንት ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ልም አጥንት (ገና ያልጠነከረው ለስላሳ ክፍል) ግን አይታይም። ለዚህ ነው በልጅ አጥንት ጫፍ አጠገብ ጥቁር መስመር የሚያዩት። ብዙ ወላጅ ስብራት መስሎት ይደነግጣል። ብዙ ጊዜ አጥንቱ የሚያድግበት ቦታ ነው፣ አይስጉ።

ቀጥሎ የእጅ አንጓና የጉልበት አካባቢ የአጥንት ጫፎችን ይዩ። ጠርዛቸው ጥርት ያለ መሆን አለበት። ጫፉ ሰፍቶ፣ እንደ ስኒ ጎድጎድ ብሎ፣ ጠርዙም ተበጣጥሶ ከታየ ሪኬትስ (የልጆች አጥንት የሚለሰልስበት በሽታ) ሊሆን ይችላል። ይሄ ብዙ ጊዜ አብሮ የሚወለድ አይደለም፤ በአብዛኛው የቫይታሚን ዲ ወይም የካልሲየም እጥረት ነው። ፀሐይ ሞልቶን ሕፃናትን ሸፋፍነን ቤት ስለምናውላቸው እኛ አገርም አለ። የእግር መደገን (እንደ ደጋን መጉበጥ) ብቻውን ግን እስከ 2 ዓመት ድረስ ብዙ ጊዜ የእድገት ጠባይ ነው። አንዱ እግር ብቻ ከደገነ ወይም እየባሰ ከሄደ ይጠይቁ።

ዳሌ ላይ ጠንቀቅ ይበሉ። ከ4 እስከ 6 ወር ያልሞላው ሕፃን የጭን አጥንት ራስ ገና ልም ስለሆነ ራጅ ብዙ አይናገርም፤ አልትራሳውንድ ይሻላል። ከዚያ በኋላ ሁለቱን ጎን ያነጻጽሩ። የአንዱ ራስ አንሶ፣ ከጎድጓዳው ወጥቶ ወደ ላይና ወደ ውጭ ከሸሸ ዳሌው ወልቆ ይሆናል። ሁለቱም ከወለቁ ግን ማነጻጸሩ ራሱ ያሳስታል። በመቀመጫቸው የተወለዱ፣ በተለይ ሴት ልጆች፣ በራጅም ባይሆን በምርመራ መታየት አለባቸው።

አጥንቱ ስስና ደብዘዝ ያለ ሆኖ አዲስም የዳነም ስብራት አብረው ከታዩ፣ አብሮ የተወለደ የአጥንት መሰባበር ሊሆን ይችላል። እናትና አባት ሳይመቱት የተመታ የሚመስል ልጅ አለ፤ ይህ በደንብ ሊጣራ ይገባል። የጭንና የክንድ አጥንቶች ከሌላው ይልቅ ካጠሩም ለሐኪሙ ይንገሩ።

የስልክ ፎቶ ብዙ ነገር ይደብቃል። ፊልሙን ወይም ሲዲውን ይዘው ይሂዱ። የቆየውንም አይጣሉ፤ ሐኪሙ መባሱን ወይም መሻሉን የሚያውቀው ሁለቱን አስተያይቶ ነው።