ደሴ ላይ የተሳካለት በርገር ቤት ኮምቦልቻ ላይ ለምን ይከስራል?

ደሴ ፒያሳ አንድ በርገር ቤት ቅዳሜ ማታ ወረፋ ከያዘ እሑድ ጠዋት ለባለቤቱ ስልክ ይደወላል። «ወንድሜ፣ ስሙን ስጠኝና ኮምቦልቻ ልክፈተው።» ሁለተኛው ከወልዲያ ይደውላል። ፍራንቻይዝ የሚባለው ነገር፣ ማለትም ስምንና አሠራርን በክፍያ ለሌላ ማከራየት፣ እኛ ጋ ገና ዳዴ እያለ ነው። የአሜሪካው ፒዛ ሀት እንኳን አዲስ አበባ የገባው በ2010 ዓ.ም. ነው። እና ሰጪም ተቀባይም የሚሳሳቱት ተመሳሳይ ቦታ ላይ ነው።

ስም ብቻ መሸጥ

ትልቁ ይሄ ነው። ገዢው የባነሩን ዲዛይን ይወስዳል፣ ጥቂት ቀን ኩሽና ቆሞ ያያል፣ በቃ። ሶሱን የሚያዘጋጀው ልጅ ግን ደሴ ቀረ፣ እሱም የሚሰፍረው በዓይኑ ነው!

የማክዶናልድ ወንድማማቾች፣ ሪቻርድና ሞሪስ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ሳን በርናርዲኖ ያለው ቤታቸውን ለወራት ዘግተው ሜኑውን ወደ 9 ነገር አወረዱት። በኋላ አዲስ ቤት ሲያስነድፉ ኩሽናውን ቴኒስ ሜዳ ላይ በጠመኔ ሣሉትና ሠራተኞቹን እየሠሩ እንዳሉ አድርገው አንቀሳቀሷቸው፣ ማን ከማን እንደሚጋጭ ለማየት። ሬይ ክሮክ የሚባለው ነጋዴ ከእ.ኤ.አ. 1955 ጀምሮ በፍራንቻይዝ ያባዛው ይሄንን አሠራር ነው።

እናንተስ? ሥጋው ስንት ግራም ነው? ስንት ደቂቃ ይጠበሳል? ዘይቱ መቼ ይቀየራል? ይሄ ወረቀት ላይ ካልሰፈረ የምትሸጡት ነገር የለም። ሲሰፍርም ቦታውን እዩ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ቁልቁል ወርዳችሁ 1,850 ገደማ። ደሴ ብርድ ላይ ቀስ ብሎ የሚነሳው የፒዛ ሊጥ ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ በዚያው ሰዓት ኮምጥጦ ይጠብቃችኋል። ማዮኔዙንማ ተዉት።

ጾሙን ረስቶ ውል መፈረም

የውጭ ውል ገልብጦ የሚያመጣ ሰው ይሄን አያስብም። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ 55 ቀን ዐቢይ ጾም አለ፣ ረመዳን አለ። በ2017ም በ2018 ዓ.ም.ም ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተገናኝተው ነበር። እንዲህ ባለ ወር ቀን ላይ በርገር ማን ይበላል? ከማፍጠሪያ በኋላ ደግሞ ግርግር ነው። ታዲያ ውሉ «በየወሩ ቢያንስ ይሄን ያህል ሽያጭ» ካለና ቤቱ በጊዜ ይዘጋል ካለ፣ ተቀባዩ ገና ሳይጀምር ዕዳ ውስጥ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የጾም ችብስ ዶሮ በተጠበሰበት ዘይት አትጥበሱ። ጾመኛ ደንበኛ አንዴ ካወቀ አይመለስም፣ ለጎረቤትም ይናገራል። ሁለት መጥበሻ ግዙና በአሠራር ወረቀታችሁ ላይ ጻፉት።

ሥጋውም እንደዚያው። ወሎ ላይ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቤት ዘመድ ሆኖ ይኖራል፣ ሥጋው ግን የማን እንደሆነ ይጠየቃል። በአንድ ስም ደሴ የሙስሊም፣ ወልዲያ የክርስቲያን ሥጋ ከተሸጠ ሁለቱም ጋ ያለው ደንበኛ ይጠራጠራል። ከፊርማው በፊት ወስኑ፣ በር ላይም ለጥፉት።

መቶኛው ከምን እንደሚቆረጥ አለማየት

ሮያሊቲ፣ ማለትም ተቀባዩ ለስሙ በየጊዜው የሚከፍለው መቶኛ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰላው ከሽያጭ እንጂ ከትርፍ አይደለም። ማክዶናልድ ራሱ አሜሪካ ውስጥ ለአዳዲስ ቤቶች ከእ.ኤ.አ. 2024 ጀምሮ ከ4 ወደ 5 በመቶ ያሳደገው ከሽያጩ ነው። 400,000 ብር ሸጣችሁ ዘይትና ኪራይ ሁሉንም ቢበላው እንኳን 5 በመቶው፣ 20,000 ብሩ፣ ይከፈላል። አብሽሩ ብሎ የሚያልፍላችሁ የለም።

«ሁሉንም ዕቃ ከእኔ ግዙ» የሚለውን አንቀጽም ደጋግማችሁ አንብቡ። ኩዊዝኖስ የሚባለው የአሜሪካ ሳንድዊች ድርጅት 5,000 ሊሞላ ትንሽ የቀረው ቤት ነበረው። ስሙን የተከራዩት የቤቶቹ ባለቤቶች ዕቃ በውድ እንድንገዛ እየተገደድን ነው ብለው ከሰሱት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ድርጅቱ ከባለ ዕዳዎቹ እንዲጠብቀው ፍርድ ቤት የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። ሰጪውም ያስብበት፣ ተቀባዩን እያከሰረ የሚያድግ የለም።

ንግድ ፈቃድ አለኝ ብሎ መተኛት

የንግድ ምዝገባና የንግድ ምልክት ሁለት ነገር ናቸው። ምልክቱ የሚመዘገበው በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ጋ ነው፣ 7 ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያ ይታደሳል። ሳታስመዘግቡ ስም ካከራያችሁ ነገ ሌላው ቀድሟችሁ ሲያስመዘግብ ጭቅጭቁ የእናንተ ነው።

ጎን ለጎን መክፈት

ሰብዌይ የሚባለው የሳንድዊች ድርጅት አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 ከ27,000 በላይ ቤት ነበረው፣ በ2024 መጨረሻ ከ20,000 በታች ወርዷል። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ግን አንዱ የራሱ ቤቶች እርስ በርስ ደንበኛ መሻማታቸው ነው። ደሴ ከአራዳ እስከ ፒያሳ በእግር ይኬዳል። «በዚህ ክልል ውስጥ ሌላ አልከፍትም» የሚል መስመር ውሉ ላይ ይግባ። ውሉ ሲያልቅ ደግሞ ባነሩ በስንት ቀን እንደሚወርድ፣ ፍሪጁና መጥበሻው ለማን እንደሚቀር አብሮ ይጻፍ።