ከአሮጌ ካሴት የሙት ዓመት ድምፅ ማዘጋጀት

ስልክ ውድ በነበረበት ዘመን ውጭ አገር ያለ ልጅና አገር ቤት ያለ ወላጅ ካሴት እየቀዱ በሰው እጅ ይላላኩ ነበር። እነዚያ ካሴቶች ዛሬም በብዙ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ አሉ። ለአባት ወይም ለእናት ሙት ዓመት ከድግሱ ጎን፣ ወይም በድግሱ ፈንታ፣ የራሳቸውን ድምፅ ማሰማት ይቻላል። ሥራው ግን ሁለትና ሦስት ወር ቀደም ብሎ መጀመር አለበት።

ካሴቱን እንዳገኛችሁ አታጫውቱ። በጀርባው ጠርዝ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሩ፤ የመቅጃው ቁልፍ በስህተት ቢነካ ድምፁ አይጠፋም። በመስኮቱ ክሩን እዩ። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለበት ሻጋታ ነው፤ ማጫወቻውን በክሎ ወደ ሌሎቹ ካሴቶች ስለሚዛመት ለብቻው በወረቀት ፖስታ ለባለሙያ ይቀመጥ። ክሩ በሚነበብበት ጠርዝ መሃል ያለችው ትንሽ ትራስ ከወደቀች ድምፁ ይደበዝዛል። ያኔ ክሩን ወደ ሌላ ካሴት ልባስ ማዛወር ነው፤ አምስት ብሎን ያለውን ፈልጉ፣ በሙጫ የተጣበቀው ካልተሰበረ አይከፈትም። የተበጠሰውን በተራ ስኮች አትቀጥሉ፣ ሙጫው እየወጣ ቀጣዩን ዙር ያጣብቃል።

ማጫወቻው ደህና አሮጌ ዎክማን ወይም ዴክ (የቤት ካሴት ማጫወቻ) ይሁን። በዩኤስቢ የሚሰኩት ርካሽ ማጫወቻዎች ፍጥነታቸው ስለሚዋልል ድምፁን ያንቀጠቅጣሉ። ሄዱን፣ ማለትም ክሩን የሚያነበውን ብረት፣ አልኮል በነካ ጥጥ ጥረጉ፣ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ መጀመሪያ ቢበላሽ የማያሳዝን የዘፈን ካሴት አጫውታችሁ ሞክሩት። ከዚያ የአባትን ካሴት አንዴ እስከ መጨረሻው፣ አንዴ እስከ መጀመሪያው አጠንጥኑ፤ ለዓመታት የተጣበቀው ክር ይላቀቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ስልኩን ስፒከር አጠገብ አስቀምጦ ይቀዳል። እናንተ ግን ከማጫወቻው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በ3.5 ሚሊሜትር ገመድ፣ የመስመር ግቤት (ላይን ኢን) ባለው የዩኤስቢ ድምፅ መቀበያ በኩል ወደ ኮምፒውተር አስገቡ። የላፕቶፑ የማይክ ቀዳዳ ለዚህ አይሆንም፣ ድምፁን ያፈርጠዋል። ነፃ የሆነው የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም ኦዳሲቲ ይበቃል፦ 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት፣ ዌቭ (ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል)። በዚህ ልክ አንድ ሰዓት ስቴሪዮ 1 ጊጋባይት ያህል ይይዛል። ከፍታው ከ‑6 ዴሲቤል አይለፍ፤ ዜሮን ነክቶ የተቆረጠ ድምፅ በኋላ አይጠገንም። ወፍራሙን ድምፅ የሚያጎላውን የዎክማኑን ሜጋ ባስ አጥፉ። ድምፁ ታፍኖ ከመጣ ከሄዱ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን በቀጭን ካቻቢቴ ሩብ ዙር እንኳ ሳይሞላ ወዲያና ወዲህ እያላችሁ «ሰ» እና «ሸ» ጥርት ሲሉ አቁሙ። ከዚህ ማስተካከያ የሚበልጥ ሶፍትዌር የለም።

ያልተነካውን ፋይል አስቀምጣችሁ በቅጂው ላይ ሥሩ። ከክሩ የሚመጣውን «ሽሽ» የሚል ድምፅ ለማሳነስ ንግግር የሌለበትን ሁለት ሴኮንድ ለናሙና ምረጡ፣ ከ6 እስከ 9 ዴሲቤል ብቻ ቀንሱ። ከዚያ ካለፈ ድምፁ ከውኃ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። ከኋላ የሚሰማውን ዶሮና የቡና ሙቀጫ ተዉት፤ ቤቱም እነሱ ናቸው። ፋይሉን ስትሰይሙ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጻፉ፦ ልባሱ ላይ «ጥር 84» ያለው በፈረንጅ 1992 ነው።

ለማሰማት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። በካሴት ደብዳቤ የገንዘብ ጉዳይ፣ የጎረቤት ሐሜት፣ የርስት ክርክር አይጠፋም፤ እነዚህን ከታላላቆች ጋር ሰምታችሁ ቁረጡ። በአርባም በሰማንያም አታድርጉት፣ ኀዘኑ ገና ትኩስ ነው። በሙት ዓመቱ ከጸሎቱና ከምግቡ በኋላ፣ ለቅርብ ቤተሰብ ቀድሞ ተነግሮ ይሰማ፤ ድንገት ከሆነ ለቅሶው ድምፁን ይውጠዋል።

መምጣት ላልቻሉት በ128 ኪሎቢት ኤምፒሦሪ አድርጋችሁ በቴሌግራም እንደ ፋይል ላኩ፤ 20 ደቂቃው 19 ሜጋባይት ገደማ ነው። ዌቩን በሦስት ቦታ፣ አንዱን ውጭ ባለ ወንድም ወይም እኅት ዘንድ አኑሩ። ካሴቱንም አትጣሉ፤ ከፀሐይና ከስፒከር አርቃችሁ አቁማችሁ አስቀምጡት፣ ነገ የተሻለ ማጫወቻ ከተገኘ እንደገና ይቀዳል።