የመጀመሪያ የግል ኤግዚቢሽናችሁን የሚያደበዝዙ ስህተቶች

እኔ ሠዓሊ አይደለሁም። ግን ከፒያሳ እስከ ስድስት ኪሎ ባሉ አዳራሾች ጓደኞቼ ሥራቸውን ሲሰቅሉ ለዓመታት መሰላል ይዣለሁ፣ ሚስማር አቀብያለሁ። ሁለት ዓመት የተለፋበት ሥራ በአንድ ሳምንት ጥድፊያ ሲበላሽ ማየት ያንገበግበኛል። በተለይ ተፈጥሮን በደማቅ ቀለም የሚሥሉ ልጆች ያሳዝኑኛል። የእነሱ ሥራ የቆመው በቀለም ላይ ነው። ቀለሙ ከደበዘዘ ተመልካቹ ምን ይዞ ይሄዳል?

ከሁሉ የከፋው ስህተት ያለውን ሁሉ መስቀል ነው። «የራሴ ኤግዚቢሽን ነው፣ ሁሉም ይታይልኝ» ይባልና ስቱዲዮው ተገልብጦ ይመጣል። ስሜቱ ይገባኛል። ግን ማር ሲበዛ ይመራል። አደይ አበባ የሞላው ቢጫ ሸራ አጠገብ የጃካራንዳ ወይን ጠጅ ሲሰቀል ምን እንደሚሆን አስቡት። ሁለቱ ቀለማት ተቃራኒ ስለሆኑ አንዱ ሌላውን ያጎላዋል። አንድ ሸራ ውስጥ ሲገናኙ ግሩም ነው። ሁለት ሸራ ሆነው ሲጠጋጉ ግን ይጯጯሃሉ፣ ዓይን ማረፊያ ያጣል። ሰውየው አምስተኛው ሥዕል ላይ ሳይደርስ ይደክመዋል። ለምን እንደደከመው ግን አያውቀውም።

እኔ የማውቀው መፍትሔ ቀላል ነው። ከመስቀላችሁ በፊት ሥዕሎቹን መሬት ላይ አስቀምጣችሁ ግድግዳው ሥር ደርድሯቸው። ከዚያ ሲሶውን አውጡ። ማውጣቱ ለእናንተ ስለሚከብድ ዓይኑን የምታምኑት ሌላ ሰው ያግዛችሁ። ለምትወዱት ትልቅ ሸራ አንድ ሙሉ ግድግዳ ስጡት። ባዶ ግድግዳ አያሳፍርም፤ ቀለም የሚተነፍሰው እዚያ ላይ ነው።

ቀጥሎ ያለው ብርሃን ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እንጦጦን በማለዳ የሣለ ጓደኛ ነበረኝ። ስቱዲዮው ውስጥ በመስኮት ብርሃን ቀዩ አፈር እሳት ይመስል ነበር። አዳራሹ ጣሪያ ላይ የነበረው ግን ረጃጅም ነጭ ፍሎረሰንት ነው። ያ አፈር የቡና አተላ መሰለ። ይህን ያወቅነው በመክፈቻው ምሽት፣ እንግዳ ከገባ በኋላ ነው። የጓደኛዬን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

አፈወርቅ ተክሌ ለአፍሪካ አዳራሽ የሠራውን ባለቀለም መስታወት አስታውሱ። 150 ካሬ ሜትር ያህል የሚሸፍን ሥራ ነው። የሚያበራው ከጀርባው የሚገባው ብርሃን ነው፤ ፀሐይዋ ስትሄድ መስታወቱም ይለወጣል። ሸራም እንደዚያው ነው፣ ልዩነቱ ብርሃኑ ከፊት መምጣቱ ብቻ ነው። ስለዚህ አዳራሹን ስትመርጡ አንድ ሥዕል ይዛችሁ ልክ በመክፈቻው ሰዓት ሂዱና ግድግዳው ላይ አስደግፉት። አምፖል መቀየር ከተፈቀደላችሁ ካርቶኑ ላይ ያሉትን ሁለት ቁጥሮች አንብቡ። አንዱ ብርሃኑ ወደ ቢጫ ወይስ ወደ ነጭ እንደሚያደላ የሚናገረው ኬልቪን ነው፤ ከ3000 እስከ 4000 ያለው ለሥዕል ይስማማል። ሁለተኛው ሲአርአይ የሚባለው፣ አምፖሉ ቀለምን ምን ያህል ሳያዛባ እንደሚያሳይ የሚለካው ነው። ከ90 በታች ከሆነ ተዉት። ስፖት መብራቱን ከላይ ሰያፍ አድርጉት፤ ፊት ለፊት ከመጣ ቫርኒሹ ያንፀባርቃል። መብራት ቢጠፋ ጄነሬተር ይኑር አይኑር ደግሞ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

ያልደረቀ ሥዕል ይዞ መምጣትም የተለመደ ነው። የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም። ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ይጠነክራል። ላዩ ሲነካ የደረቀ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ገና ነው። ወፍራም ከተቀባ ወራት ይፈጃል። በክረምቱ ብርድና እርጥበት ደግሞ የባሰ ይዘገያል። ለመስከረም ኤግዚቢሽን ነሐሴ ላይ የተሣለ የዘይት ሥዕል አደጋ ላይ ነው። አክሪሊክ ቶሎ ይደርቃል፤ ግን ሙቀት ሲያገኘው ስለሚለሰልስ ፕላስቲክ ላይ ይጣበቃል። ሁለት ሸራ ፊት ለፊት ተገጥመው በፒክአፕ ሲጓዙ፣ ስንለያያቸው የአንዱ ሰማይ የሌላው ሐይቅ ላይ ተላጦ ሲቀር አይቻለሁ። ማዕዘኖቹ ላይ ካርቶን አጥፋችሁ አስገቡ። ሸራ ከሸራ አይነካካ።

አሰቃቀል ላይ አንድ ልማድ አለን። ሳሎን ውስጥ የቤተሰብ ፎቶ ጣሪያው አጠገብ እንደምንሰቅለው ሥዕልም ሽቅብ እናወጣለን። የሥዕሉ መሐል ከወለሉ 150 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሁን። ውሃ ልክ ያዙ።

የጥሪ ካርዱን ሰዓትም ሁለቴ አንብቡት። መሐል አዲስ አበባ ውስጥ ከእንግዶቻችሁ መካከል የኤምባሲና የዓለም አቀፍ ድርጅት ሰዎች አይጠፉም። እኛ «11 ሰዓት» ስንል አመሻሽ ላይ ማለታችን ነው። እነሱ ግን ከምሳ በፊት መጥተው የተዘጋ በር ያገኛሉ። በአማርኛው «ከቀኑ 11 ሰዓት»፣ በእንግሊዝኛው ደግሞ በእነሱ አቆጣጠር 5 ሰዓት ብላችሁ ሁለቱንም ጻፉ።

«ተፈጥሮ 1»፣ «ተፈጥሮ 2» የሚል ርዕስ ይቅርባችሁ። ጣና ከሆነ ጣና በሉት፤ ሰዓቱንም ጨምሩበት። ሰው ያየውን ቦታ ስም ሲያነብ ቆም ይላል። ዋጋንም የገዢውን ፊት እያያችሁ አትወስኑ። ለፈረንጅ ሌላ፣ ለሐበሻ ሌላ የሚል ሠዓሊ በሦስተኛው ቀን ወሬው ይደርስበታል። አንድ የዋጋ ዝርዝር አትማችሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ፣ የተሸጠውን በቀይ ነጥብ አመልክቱ። ያ ነጥብ ለሚያመነታ ገዢ ብዙ ይናገራል።

የመጨረሻው ስህተት ከመክፈቻው ምሽት በኋላ መጥፋት ነው። በዚያ ምሽት የሚመጣው ሰው ባብዛኛው ሰላምታና ፎቶ ላይ ነው። ሥዕሉን በእርጋታ የሚያየው በሥራ ቀን ብቻውን የሚገባው ነው። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ነጠላ ያጣፉ እናት ከልጃቸው ጋር ገቡ። አንድ የግራር ሥዕል ፊት ረጅም ጊዜ ቆሙ። ከዚያ ቅጠሉን በጣታቸው እያመለከቱ፣ «ይሄ እኛ ቤት በር ላይ ያለው ነው፤ ከብት ስንጠብቅ ሥሩ እንተኛ ነበር» አሉ። ዞር ብለው «የሣለው ልጅ የታል?» ሲሉ ጠየቁኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ሠዓሊው ከመክፈቻው ምሽት ወዲህ ወደ አዳራሹ አልመጣም ነበር።