ጭልፋውንና የደቡብ መስቀልን በአንድ ምሽት፦ ከአዲስ አበባ ዳርቻ ኮከብ እንዴት ይታያል?

ስለ ኮከብ እይታ የምናገኛቸው መመሪያዎች አብዛኞቹ የተጻፉት ለአውሮፓና ለአሜሪካ ሰው ነው። «የሰሜን ኮከብን ሰማዩ አጋማሽ ላይ ፈልጉ» ይላሉ። እኛ ጋ እዚያ ቦታ ብትፈልጉት አንገታችሁ ይደክማል እንጂ አታገኙትም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ የሰሜን ኮከብም ከአድማስ ከፍ የሚለው 9 ዲግሪ ብቻ ነው። ሽሮ ሜዳ ላይ ከሆናችሁ የእንጦጦ ተራራ ሊጋርደው ይችላል።

በምትኩ ግን ለንደን ያለ ሰው ከቤቱ ሆኖ መቼም የማያየውን የደቡብ መስቀል እናያለን። የሰሜኑን ትልቁን ጭልፋም እናያለን። በሚያዝያና በግንቦት ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማየት ይቻላል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም ባይ ነኝ።

ምሽቱን ምረጡ

ጠፍ ጨረቃ ይሁን። ሙሉ ጨረቃ ባለችበት ምሽት ደማቆቹ ብቻ ይቀሩና ሌላው ይጠፋል። ካላንደር ማየት ለሚሰለቸው አንድ ምቹ ምልክት አለ። የፋሲካ ዋዜማ ሁልጊዜ የሚውለው ጨረቃዋ ሙሉ ሆና ካለፈች በኋላ ነው። በዚያ ሰሞን ጨረቃ ዘግይታ ስለምትወጣ አመሻሹ ጨለማ ነው።

ፀሐይ 12 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ትጠልቃለች፤ ሰማዩ በደንብ የሚጨልመው ግን ወደ 2 ሰዓት ገደማ ነው። የበልግ ደመና ዕቅድ ሊያበላሽ ይችላል። ከሰዓት በኋላ ዘንቦ ማታ ከጠራ ግን አያምልጣችሁ፤ ዝናቡ አቧራውን ስለሚያጥበው ሰማዩ ጥርት ይላል።

የምንፈልገው አሰላለፍ ሚያዝያ አጋማሽ ላይ 5 ሰዓት ገደማ፣ ግንቦት መጀመሪያ ላይ 4 ሰዓት ገደማ፣ ግንቦት ማለቂያ ላይ ደግሞ 2 ሰዓት ገደማ ይገኛል። ከዋክብት በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል ቀድመው ስለሚወጡ በወር 2 ሰዓት ይሆናል።

ቦታ

ደንቡ አንድ ነው፦ ማየት የምትፈልጉት አቅጣጫ ላይ ከተማው አይኑር። የደቡብ መስቀል ዝቅ ብሎ ስለሚታይ የደቡቡ አድማስ መጨለም አለበት። ለዚህ ከሰበታ አለፍ ብሎ ወደ ተፍኪ ያለው ሜዳ ይሻላል። የአዲስ አበባ ብርሃን ከኋላ ይቀራል፤ ጭልፋው ደግሞ ከፍ ስለሚል ብዙም አይጎዳውም። ሱሉልታ ለሰሜኑ ሰማይ ጥሩ ነው፣ በደቡብ በኩል ግን የከተማው ብርሃን ይነሳል። እንጦጦ ላይ በ3,200 ሜትር ከፍታ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው ባለ ሁለት ቴሌስኮፕ የምርምር ማዕከል አለ። የእያንዳንዱ ቴሌስኮፕ መስታወት 1 ሜትር ስፋት አለው። ቦታው ያምራል፤ የከተማው ብርሃን ግን ከሥሩ ተዘርግቷል።

እውነቱን ለመናገር ከጨለማው በላይ የሚያስፈልገው ደኅንነት ነው። የማታውቁት ሜዳ ላይ አትቁሙ። የዘመድ ወይም የወዳጅ ግቢ ካለ እሱ ይመረጣል። ካልሆነ በቀን ሄዳችሁ የአካባቢውን ሰው አናግሩ፣ ለምን እንደምትመጡ ንገሩ። በሌሊት መነጽር ይዞ የቆመ እንግዳ ማንንም ያጠራጥራል። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ጅብም ውሻም አለ።

ምን ልያዝ?

ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት፣ የምትጋደሙበት ምንጣፍ፣ ቴርሞስ ሻይ። ቴሌስኮፕ ለመግዛት አትቸኩሉ። ካርቶኑ ላይ «500 ጊዜ ያጎላል» ተብሎ የተጻፈበት ርካሽ ቴሌስኮፕ እግሩ እየተንቀጠቀጠ ያበሳጫል እንጂ ብዙ አያሳይም። 7 በ50 ወይም 10 በ50 ባይናኩላር (7 ወይም 10 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 50 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የሁለት ዓይን መነጽር) ከተገኘ ከበቂ በላይ ነው። ካልተገኘም ዓይን አለ።

ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። አንዴ ስልክ ከፍታችሁ ካያችሁ እንደገና ከዜሮ ነው። ስለዚህ የስልኩን ባትሪ መብራት በቀይ ፌስታል ደራርባችሁ ሸፍኑት፤ ቀይ ብርሃን ዓይንን ብዙ አይረብሽም። እንደ ስቴላሪየም ያለ የሰማይ ካርታ አፕ ካላችሁ ቀዩን የሌሊት ገጽታ አብሩ።

ከሰሜን ወደ ደቡብ

አሁን ወደ ሰሜን ዙሩ። በአድማሱና በአናታችሁ መካከል ሰባት ኮከቦች በጭልፋ ቅርጽ ተደፍተው ታያላችሁ። እጀታው ወደ ቀኝ ነው። ከእጀታው ጫፍ ሁለተኛውን ኮከብ ልብ ብላችሁ እዩት፤ አጠገቡ ደብዘዝ ያለች ጓደኛ አለችው። ሚዛርና አልኮር ይባላሉ። ሁለቱን ለይቶ ማየት የዓይን ፈተና ነው። በግራ ጫፍ ያሉት ሁለቱ የጭልፋው ኮከቦች ደግሞ ቀጥታ ወደ ታች፣ ወደ ሰሜን ኮከብ ይጠቁማሉ። አድማሱ ላይ ጭጋግ ካለ ግን አይታይምና ጊዜ አታባክኑ።

የእጀታውን ጉብጠት ሳትለቁ ወደ ቀኝና ወደ ላይ ተከተሉት። በምሥራቅ በኩል ብርቱካናማ ደማቅ ኮከብ ይገጥማችኋል፤ አርክቱረስ ነው፣ 37 የብርሃን ዓመት ይርቃል (አንድ የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው)። በዚያው ጉብጠት ስትቀጥሉ ነጭ ወደ ሰማያዊ የምታደላ ኮከብ አለች። ስፓይካ ናት፣ የሰንቡላ ደማቋ ኮከብ። እዚህ ላይ ወደ ደቡብ መዞር ይኖርባችኋል።

ከስፓይካ በስተቀኝ አራት ኮከቦች ትንሽ የተዛባ አራት ማዕዘን ሠርተዋል፤ ቁራው ይባላል። ከቁራው ቀጥታ ወደ ታች ውረዱ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጡጫችሁን ብትለኩ አንድ ጡጫ 10 ዲግሪ ያህል ነው። አራት ጡጫ የማይሞላ ከወረዳችሁ የደቡብ መስቀል አናት ጋ ትደርሳላችሁ። አናቱ ላይ ያለው ኮከብ ቀላ ይላል። እግሩ ከአድማስ ሁለት ጡጫ የማይሞላ ከፍታ ላይ ነው።

ተጠንቀቁ፣ በስተቀኝ ሌላ ሰፋና ደብዘዝ ያለ ሐሰተኛ መስቀል አለ። እውነተኛው በስተግራው ሁለት ደማቅ ኮከቦች አሉት። ከሁለቱ ራቅ ያለው አልፋ ሴንታውሪ ነው፤ ከፀሐይ ቀጥሎ ቅርባችን ያለው የከዋክብት ቤተሰብ፣ 4.4 የብርሃን ዓመት ገደማ። መጀመሪያ ዝቅ ብሎ ከታያችሁ አንድ ሰዓት ታገሡት።

ባይናኩላር የያዘ አሁን ይጠቀምበት። ስፓይካ በደቡብ በኩል ከፍተኛው ቦታዋ ላይ ስትደርስ ከእሷ ቀጥታ ወደ ታች ሦስት ጡጫ ተኩል ውረዱ። ብዥ ያለ ክብ ነገር ታገኛላችሁ። ኦሜጋ ሴንታውሪ ነው፦ 10 ሚሊዮን የሚሆኑ ከዋክብት የታጨቁበት፣ 17,000 የብርሃን ዓመት ገደማ የሚርቅ ክምችት። ትኩር ብላችሁ ካልታየ ትንሽ ወደ ጎኑ እዩ፤ የዓይን ጠርዝ ደብዛዛ ነገር የማየት አቅሙ ይበልጣል። ሰሜን አውሮፓ ያሉ ኮከብ ወዳዶች ይህን ለማየት አውሮፕላን ይሳፈራሉ።

ትርፍ ጊዜ ካለ

ኮከባችን አሰድ ነው የምትሉ፣ ሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት ላይ 3 ሰዓት ገደማ ቀና በሉ። የአሰድ ደማቅ ኮከብ ሬጉለስ አናታችሁ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ሬጉለስንና ስፓይካን በሚያገናኘው መስመር አካባቢ ብዙም የማይጠቅስ ደማቅ እንግዳ ካያችሁ ፕላኔት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የትኛው እንደሆነ በየዓመቱ ስለሚለያይ አፑን ጠይቁ።

ፋሲካ ሚያዝያ ውስጥ ሲውል፣ ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሱ ወደ ደቡብ ቀና በሉ። አቅራብ ከነቀይ ልቡ አንታሬስ ከፍ ብሎ ይቆያችኋል። ዶሮ ወጡ ሁለት ደቂቃ ቢጠብቅ ምን ይሆናል!

ተወርዋሪ ኮከብ የሚወድ ደግሞ ሚያዝያ 28 አካባቢ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ይነሳ። የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ትቶት የሄደው ትቢያ ከባቢ አየራችን ውስጥ ገብቶ የሚቃጠልበት ሰሞን ነው። ምንጩ በምሥራቅ በኩል ነው፣ ግን እዚያ ላይ ብቻ አታፍጥጡ። ባይናኩላሩንም አስቀምጡት፤ የሚያየውን ሰማይ ያጠብባል። ተጋድማችሁ ሰፊውን ሰማይ እዩ፣ ጎህ እስኪቀድ ድረስ።