የኮብራ ግልባጭ ስትሠሩ እግራችሁ እንዳይቃጠል

ደብረ ማርቆስ ብርድ ስለሆነ ነገሩ አይታወቃችሁም። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ግን የኤሲ ኮብራ ግልባጭ (ዋናው በ1962 እ.ኤ.አ. የወጣ የስፖርት መኪና ነው) እግር ማስቀመጫው ምድጃ ነው፤ የሞተሩ ጭስ ቱቦ አጠገቡ ያልፋላ! ስለዚህ ወንበርና ምንጣፍ ከመግጠማችሁ በፊት ለእግር ቀዝቃዛ አየር የሚያስገባውን መንገድ ጨርሱ።

የአየር ማስገቢያውን ቅርጽ መጀመሪያ በካርቶን ቁረጡና ፔዳሎቹን እስከ መጨረሻ ረግጣችሁ ሞክሩት። የፍሪሲዮኑ ፔዳል የአየር ቱቦውን ከነካ ቦታ ቀይሩ። ከዚያ 1 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ላሜራ ላይ ገልብጡት። ስታጥፉት በሞርሳው (ብረት ነክሶ የሚይዘው መሣሪያ) ጥርስና በላሜራው መሃል እንጨት አስገቡ፤ እጥፋቱ ሹል ከሆነ ይሰነጠቃል። የበሳችሁትን ቀዳዳ ጠርዝ በሞረድ አለስልሱ፣ ቱቦውን የሚበላው እሱ ነው።

አየሩን ከራዲያተሩ ፊት ውሰዱ፤ ከኋላው የሚመጣው የሞቀ ነው። ቱቦውን በፋሼታ (የቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት) አጥብቁ፣ ለክረምት የሚዘጋ ክዳን አብጁለት። መውጫ ከሌለ ደግሞ አየር አይገባም። የፊት ፓራፋንጎ (የጎማ መሸፈኛ) ጎን ያሉት ክፍተቶች የሞተሩን ሙቀት ማስወጫ ናቸው። ለማማር ብሎ የሚደፍናቸው ሰው አይገባኝም።

ዳሽቦርዱ ቀላል ነው፦ ቆዳውን ፀሐይ ላይ አሙቃችሁ፣ ከመሃል ወደ ዳር እየወጠራችሁ በማስቲሽ ለጥፉ።